«ምንም አልተፈጠረም» ያለችው ልጅቷ ናት

የፊልም ምሽታችን አዘጋጆች ወስነዋል። ከእንግዲህ «ዝምተኛ ፊልም» አይታይም። ምክንያቱን ቴሌግራም ላይ ለጥፈውታል። ተመልካቹ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ተሰላችቷል፣ ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ «ታሪክ ያላቸው» ፊልሞች ብቻ ይመጣሉ። ተከሳሹ አንድ ትንሽ የአየርላንድ ፊልም ነው፤ «ዘ ኳየት ገርል»። በራሱ ቋንቋ «አን ካሊን ክዩን» ይባላል።

ውሳኔው ብቻውን ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ቤቱ የእነሱ ነው፣ ፕሮጀክተሩም የእነሱ ነው። ያበሳጨኝ ከሥሩ የተጻፈችው ማብራሪያ ናት። «በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ምንም አልተፈጠረም» ትላለች። የወደዳት ሰው ብዛት! አውራ ጣት፣ ልብ፣ የሚስቅ ፊት ተደርድሮባታል።

ምንም?

ፊልሙን ያላየ ሰው ከዚህ በታች ባያነብ ይሻለዋል። መጨረሻውን ሳልናገር መከራከር አልችልም፤ ደግሞም ዛሬ የምጠነቀቅበት ልብ የለኝም።

እስቲ የተፈጠረውን እንይ። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1981 ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ካይት በገጠር፣ ልጅ በበዛበትና ገንዘብ በጠፋበት ቤት ትኖራለች። አባቷ ቁማርና መጠጥ ይወዳል። እናቷ እንደገና አርግዛለች። በጋው ሲገባ ልጅቷን መኪና ላይ ጭነው ለእናቷ ዘመድ ለአይሊንና ለባሏ ለሾን ይሰጧታል። እስከ መቼ እንደሆነ ማንም አይነግራትም። አባቷ የቀረበለትን በልቶ ይነሳና ሻንጣዋን ከመኪናው ሳያወርድ ይሄዳል። ልጅቷ ቅያሪ የላትም። ስለዚህ አይሊን ከቁም ሳጥን የወንድ ልጅ ልብስ አውጥታ ታለብሳታለች። የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ባቡር የተሳለበት ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ ቤት ግን ልጅ የለም።

ልጅ በሌለበት ቤት የልጅ ልብስ። ልጅ በሌለበት ቤት ባቡር። ይህን አይቶ ጀርባው ላይ ቅዝቃዜ ያልተሰማው ሰው ምን እንዲፈጠርለት ነው የሚጠብቀው? ተኩስ? ፍርድ ቤት? ወይስ አንዱ ወደ ካሜራው ዞሮ «ውድ ተመልካቾች፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር ደርሷል» እንዲለው?

በመጀመሪያው ሌሊት ካይት አልጋው ላይ ትሸናለች። ጠዋት አይሊን ታያለች። አትቆጣም፣ አታሳፍራትም፣ «አይዞሽ» እንኳን አትላትም። ፍራሹ አሮጌ ስለሆነ ነው እርጥበት የሚያወጣው ብላ ጥፋቱን በፍራሹ ታላክካለች። በቃ። አንድ ትልቅ ሰው አንዲትን ልጅ ለማዳን በራሱ ፍራሽ ላይ በሐሰት መሰከረ። ይኸው ክስተት።

ሾን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቀና ብሎም አያያትም። አንድ ቀን ከብቶቹ ዘንድ አብራው ትሄዳለች። ሥራ ላይ እያለ ዞር ሲል ያጣታል። ሲያገኛት ይጮኽባታል፤ ጩኸቱ ከጥፋቷ በላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደጮኸ ያን ጊዜ አይገባንም። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ሳለ በአጠገቧ ያልፋል። እያለፈ አንድ ብስኩት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ቃል አይተነፍስም። አያያትም። ይወጣል።

ያ ብስኩት ይቅርታ ነው። ያ ብስኩት «ፈርቼ ነው» ማለት ነው። አንድ ገበሬ፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚችልበት ብቸኛው መንገድ ያ ነበር። አንድሩ ቤኔት ይህን ሰው ሲጫወተው ትከሻው እንኳን ያወራል። አዳራሹ ውስጥ ግን በዚያች ሰዓት ከጎኔ ያለው ሰውዬ ስልኩ ላይ የእግር ኳስ ውጤት ያያል። ብስኩቱን አላየውም። ሲወጣ ግን አስተያየት ነበረው!

ልክ ነው፣ ፊልሙ ቀስ ይላል። ቀስ ማለት ባዶ መሆን ግን አይደለም። ይህን ለመከራከር ደግሞ ከፊልሙ ውጭ መሄድ አያስፈልገኝም። ፊልሙ ራሱ ለእነዚህ ሰዎች መልስ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ስም ባይጠራም ሥዕላቸውን ውስጡ አስቀምጦታል።

በመንደሩ ሰው ይሞታል። አይሊንና ሾን ካይትን ይዘው ለቅሶ ይሄዳሉ። ሌሊቱ ሲረዝም አንዲት ጎረቤት «ልጅቷ ደክሟታል፣ እኔ ልውሰዳት» ትላለች። ደግ ትመስላለች። ከለቅሶው ቤት ገና ራቅ እንዳሉ ግን ጥያቄው ይጀምራል። የሰው ጓዳ፣ የሰው አልጋ፣ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ቁም ሳጥን፣ ሁሉም ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ምስጢሩን ታፈነዳዋለች። እነዚያ ባልና ሚስት ልጅ ነበራቸው። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። የለበስሽው ልብስ የእሱ ነው። ለልጅቷ እንዲህ ብላ ነው የምትነግራት፤ መንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ ልክ የቅቤ ዋጋ እንደምትነግራት።

አሁን አስቡት። በዚያ ፊልም ውስጥ ለተመልካቹ «ታሪኩን» አፍ አውጥታ የምትነግረው እሷ ናት። የእኛ ተመልካቾች የጠየቁትን ሁሉ ታሟላለች። ግልጽ ናት። ፈጣን ናት። መረጃ ትሰጣለች። አታሰለችም። የሞተውን ልጅ፣ የሞተበትን ቦታ፣ የወላጆቹን ሐዘን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ትዘረግፈዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ለሳምንታት በእርጋታ የተሠራውን ነገር ሁሉ በመንገድ ላይ ወሬ ታደርገዋለች። ዳይሬክተሩ ኮለም ባሬድ ተናጋሪ ገጸ ባሕርይ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ጻፋት። አሳየንም። ከሁሉም ሰው ይልቅ ጨካኟ እሷ ሆና ተገኘች።

«ታሪክ ያለው ይምጣልን» የሚለው ተመልካች እንግዲህ የሚፈልገው ፊልሙን ያቺ ሴትዮ እንድትተርክለት ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምራ አጠገቡ ተቀምጣ በጆሮው እንድትነግረው። «ያ ክፍል የሞተው ልጅ ነው። ያ ጩኸት የፍርሃት ነው። ብስኩቱ ይቅርታ ነው።» አዎ፣ እኔም አሁን እዚህ እየዘረገፍኩ ያለሁት እንደ እሷ ነው፤ ያስገደዱኝ እነሱ ናቸው። ፊልሙ ግን አልተገደደም። በራሱ ዓይን የሚያይ ሰው ይመጣል ብሎ አመነ። እኛ ደግሞ እምነቱን በአውራ ጣት ድምፅ አፈረስነው።

ደግሞ ሌላ አለ፤ ከዚህ ይብሳል። በጋው ያልቃል። ካይት ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። ከመመለሷ በፊት ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃለች፤ ወጥታ ብርድ መትቷታል። ቤቷ ስትደርስ ታስነጥሳለች። እናቷ ይገባታል፤ አንድ ነገር ደርሷል። ምን እንደተፈጠረ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ምን ትመልሳለች? ምንም እንዳልተፈጠረ ትነግራታለች።

ምንም አልተፈጠረም! የእኛ አዘጋጆች ማብራሪያ ብለው የለጠፉት ነገር፣ ቃል በቃል፣ ፊልሙ ውስጥ አለ። በልጅቷ አፍ ግን ትልቁ የፍቅር ሥራ ነው። አይሊን በራሷ ቸልተኝነት እንዳትወቀስ፣ የዚያ ቤት ሐዘን እንደገና የመንደር ወሬ እንዳይሆን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አፏን ትዘጋለች። መናገር ሲጀመር የማይችል የመሰላችሁ ልጅ ዝምታን መሣሪያ አድርጋ ሰው ስታድን ታያላችሁ። እሷ እያወቀች ዋሸች። የእኛ ሰዎች ደግሞ ሰምተው አመኗት። ምንም አልተፈጠረም አለች፣ እነሱም ጽፈው ለጠፉት።

ከዚህ በኋላ በዚህ ነጥብ ላይ ምን እንደምጨምር አላውቅም። ግን እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም «ማኅበራዊ ጉዳይ የለውም» የሚል ሌላ አስተያየትም ተለጥፎ አይቻለሁ።

1981 በአየርላንድ ምን ዓይነት ዓመት ነበር? በሰሜኑ በእስር ቤት ውስጥ በረሃብ አድማ አሥር ሰዎች የሞቱበት ዓመት ነው። በደቡቡ ፍቺ በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነበር፤ እስከ 1995 ሕዝበ ውሳኔ ድረስ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም ነበር፤ ያውም ሕጉ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ከዚያ በፊት ጭራሹን መሸጥ ክልክል ነበር። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ይህን ሁሉ በሬዲዮ ዜናና በክርክር ያስጮኸው ነበር። እዚህ ግን የደከመች ሴት የገፋ ሆዷን ይዛ በቤቷ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ባሏን መፍታት አትችልም። ማርገዝን መከላከል አትችልም። የምትችለው አንድ ነገር አለ፤ ከልጆቿ አንዷን ለጊዜው ለዘመድ መላክ። ማኅበራዊ ጉዳይ ማለት መፈክር ብቻ ከሆነ፣ እውነት ነው፣ የለውም።

እዚህ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ተመልካች ሰነፍ ሲሆን ይበልጥ ያናድደኛል። ልጅን ለዘመድ መስጠት ማን ያስተምረናል? «አክስቷ ጋ ናት»፣ «አጎቱ ያሳድገዋል» የማይባልበት ቤት የትኛው ነው? ልጁን ማን ጠየቀው? ማንም። ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ በሰው ቤት ሥርዓት ይለምዳል፣ ስንት ቁራሽ ማንሳት እንደሚፈቀድለት በዓይኑ ይማራል። ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ ነገር አንሥቶታል፤ እናቱን ያጣ ልጅ ከበጉ ጋር ለዘመድ ይሰጣል። በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። የአየርላንዷ ልጅ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። አጠገባችን ያደገች የአክስት ልጅ ናት።

ስለ ምስሉ መጠን የቀረበውንም አቤቱታ በአጭሩ ላንሳው፤ ከሁሉም ደካማው ስለሆነ። ፊልሙ ሲጀመር አንድ ሰው ተነሥቶ «ፕሮጀክተሩ ይስተካከል፣ ግራና ቀኙ ተቆርጧል» አለ። አልተቆረጠም። ፊልሙ የተሠራው በአሮጌው፣ ወደ ካሬ በሚጠጋው መጠን ነው። የካሜራ ባለሙያዋ ኬት ማኩላ ልጅቷ የምታየውን ያህል ብቻ ነው የሰጠችን። ልጅ ሰፊውን መልክዓ ምድር አያይም። የሰው ጉልበት ያያል፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ያያል፣ በበር ክፍተት የሚያልፍ ትልቅ ሰው ያያል። አዋቂዎቹ በከፊል የሚታዩት ለዚህ ነው። ሰውዬው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ፕሮጀክተሩ ላይ ቂም ይዞ ተቀመጠ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ከጠሉት መካከል ተቃራኒ ክስ ያላቸውም አሉ። «አልቅሱ ተብሎ የተሠራ ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ከነዚያኞቹ ጋር ይስማሙ። ምንም ያልተፈጠረበት ፊልም ሰውን በግድ ሊያስለቅስ አይችልም። ሁለቱ ክሶች አንድ ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ግን ይህኛው ክስ ቢያንስ ፊልሙን ካየ ሰው የመጣ ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። አባትየው ስስ ነው። ከገባ እስከወጣ ክፉ ነው፤ አንዲት ደቂቃ እንኳን ሰው ሆኖ አይታይም። ከአይሊንና ከሾን አጠገብ ሲቆም ካርቶን ይመስላል። ይህን ሰጥቻለሁ። ከዚህ ሌላ የምሰጠው የለኝም።

ምክንያቱም ማልቀሱ የመጣው ከሙዚቃው ብቻ አይደለም። ሾን ልጅቷን በየቀኑ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ያስሮጣታል፤ ደርሳ እስክትመለስ ሰዓት ይይዝላታል። ጨዋታ ይመስላል። ልጅቷ በጋውን ሙሉ ስትሮጥ እናያለን፤ ሩጫዋ ይፈጥናል፣ እግሯ ይጠነክራል። በመጨረሻ ሾንና አይሊን እሷን ጥለው በመኪና ሲወጡ፣ ያ ሩጫ ለምን እንደተለማመደች ይገለጣል። ቀደም ብሎ የተዘራ ነገር በመጨረሻው ደቂቃ ይታጨዳል። ይህን «ማስለቀሻ ዘዴ» የሚል ሰው የድርሰትን ሀሁ ነው ዘዴ ያለው።

የታሪኩ አጥንት የክሌር ኪጋን ነው። በ2010 የወጣ «ፎስተር» የሚባል ቀጭን መጽሐፍ አላት፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ባሬድ ከዚያ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ረጅም የልብ ወለድ ፊልሙን ሠራ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ፊልሙ አብዛኛው በአይሪሽ፣ በአየርላንድ ነባር ቋንቋ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ሦስተኛው አቤቱታ ያመጣኛል፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው።

«በማይነገር ቋንቋ ፊልም መሥራት ለድጎማ ነው» ብሎ ጻፈ አንድ የተማረ ሰው። የተማረ ነው፤ ከስሙ ፊት ማዕረግ አለው።

ድጎማ አለ፣ አዎ። ፊልሙ የተሠራው የአየርላንድ የፊልም ተቋም፣ የአይሪሽ ቋንቋው ቴሌቪዥን ቲጂ ፎርና የብሮድካስት ባለሥልጣኑ አብረው ባቋቋሙት «ሲኔ ፎር» በሚባል ፕሮግራም ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ለሲኒማ የሚበቃ ፊልም እንዲሠራ። ነውሩ የቱ ጋ ነው? የአገሪቱ የ1937 ሕገ መንግሥት አይሪሽን የመጀመሪያው የሥራ ቋንቋ ብሎታል። ቋንቋውን በወረቀት ላይ አንደኛ አድርጎ በስክሪን ላይ ጭራሽ አለማሳየት ነበር ነውሩ።

ቁጥር ለሚወዱም ቁጥር አለ። በ2022 ቆጠራ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን ወደ 72 ሺህ ሰው ብቻ ነው። ባለማዕረጉ ይህን ሲያነብ «አላልኩም?» እንደሚል አውቃለሁ። ይቆየኝ። ይህ ቁጥር የሚለው ምንድን ነው? ወደ ሲኒማ የሄደው የአየርላንድ ሰው ብዙው በገዛ አገሩ፣ የገዛ ቋንቋውን ፊልም፣ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ ነው ያየው። እንደ እኛ ማለት ነው። ቢሆንም ትኬት ገዛ። ፊልሙ በአየርላንድና በብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገባ፤ በዚያ ቋንቋ የተሠራ ሌላ ፊልም ከዚያ በፊት እዚያ አልደረሰም። ለሆሊዉድ የቁርስ ገንዘብ ነው። ለዚያ ቋንቋ ግን ታሪክ ነው።

ደግሞ ቋንቋው ጌጥ አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። አባትየው የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ልጅቷ በቤቷ ውስጥ ያንን ድምፅ ትሸሻለች፤ በአይሊን ቤት ግን አይሪሽ የሚናገር የለዘበ ድምፅ ያገኛታል። ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኑን የሳሳ ሰው እንኳን ጆሮ አለው። አንዱ ቤት እንዴት እንደሚሰማ፣ ሌላው ቤት እንዴት እንደሚሰማ ልዩነቱን ሳያውቅ የሚወጣ ሰው ችግሩ የአይሪሽ ቋንቋ አይደለም።

ኦስካርን የጠቀሱም አልጠፉም። «ታጭቶ አላሸነፈም» ተባለ። እውነት ነው። በ2023 በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ከታጩት አምስቱ አንዱ ነበር፤ በአይሪሽ ቋንቋ ተሠርቶ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው። ያሸነፈው የጀርመኑ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ፊልም ነው፤ ጭቃ፣ መድፍ፣ የተቆራረጠ አካል። ሸላሚዎቹ ድምፅ የበዛበትን መረጡ። ይህ ለእኔ ስለ ሸላሚዎቹ ነው የሚነግረኝ። ሽልማት ከተቆጠረ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ለልጆች ፊልም በተመደበው ዘርፍ፣ የዓለም አቀፍ ዳኞቹን ዋና ሽልማት ወስዷል። ልብ በሉ፤ የልጆች ዘርፍ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ልጆች የታገሡትን ነው የእኛ ጎልማሶች መታገሥ ያቃታቸው።

ካይትን የተጫወተችው ካትሪን ክሊንች ከዚያ በፊት በፊልም ላይ ታይታ አታውቅም። ፊቷ ላይ የሚሆነውን ነገር ግን ልምድ ያላቸው ተዋንያን ይመኙታል። አይሊንን የምትጫወተው ካሪ ክሮውሊም ሐዘኗን ታስቀምጠዋለች እንጂ አታሳየውም። ስለ ሁለቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የሚከራከረኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም፣ ጠሊዎቹ እንኳን እዚህ ላይ ዝም ብለዋል።

የመጨረሻው ቅሬታ መጨረሻው ራሱ ነው። «አልጨረሱትም» ተባለ። ልጅቷ መኪናውን ተከትላ ትሮጣለች፣ ትደርስባቸዋለች፣ ሾን ላይ ትጠመጠማለች። በትከሻው ላይ አሻግራ አባቷ ሲመጣ ታያለች። «አባዬ» ትላለች፤ ደግማም ትላለች። ፊልሙ እዚያ ያበቃል። ትመለሳለች ወይስ ትቀራለች? የመጀመሪያው ለማን ነበር፣ ሁለተኛውስ ለማን?

በዚህ ጥያቄ ላይ የሆነውን አዘጋጆቹ ሪፖርታቸው ላይ አልጻፉትም፣ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። መብራት ከበራ በኋላ ሰው አልሄደም። አንዲት እናት «ሕግ አለ፣ አባቷ ይወስዳታል፣ ያለቀ ነገር ነው» አሉ። ከኋላ ያለ ወጣት «ሾን አይሰጥም» ብሎ ተነሣ። «አይሊን መኪናው ውስጥ ለምን ቀረች?» የሚል ጥያቄ መጣ። ተሰላቸሁ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ገቡበት፤ ፕሮጀክተሩን የከሰሰው ሰውዬ ጭምር «አባትየው ዱላ ይዞ ነበር ወይስ አልያዘም?» እያለ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ ሁለት ጊዜ መጣ። ክርክሩ ደረጃው ላይ ቀጠለ፣ ከደረጃው ወደ ታክሲው ወረደ።

ይህ ሁሉ ሪፖርቱ ላይ «የተመልካች ቅሬታ» ተብሎ ተመዝግቧል። ባለፈው ወር የታየው የመኪና ማሳደድ ፊልም ግን «ያለ ቅሬታ ተጠናቋል» ይላል። አስታውሳለሁ፤ እኔም ነበርኩ። መብራቱ ሲበራ አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ሰው ስሙን እንኳን ሳይጠቅሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ስብሰባ የትኛው ምሽት እንደተሳካ ሲቆጥሩ ያንን ደረጃም ይቁጠሩልኝ።